በገና የመሰለው ጊታር

ረቡዕ የካቲት 25 ቀን፣ ከጠዋቱ 10:47 ላይ፣ ኢገን ከተማ ካለው አፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ስንወጣ፣ ታላቅ እኅቴ በሑዳዴ ጾም ዘፈን ሰሙ። ሰዓቱ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ዘፈኑን ሆን ብሎ የከፈተ ሰው የለም። መኪናው ሲነሣ ስልኬ ራሱ ኮኔክት ያደርግና መጨረሻ የተሰማውን ካቆመበት ይቀጥላል። ጾሙ ሲገባ የመኪናውን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጌው ነበር። ማክሰኞ ልጄ መኪናውን ወስዳ ድምፁን ከፍ አድርጋ መለሰችው። ረቡዕ ሞተሩን ሳስነሣ የአልበሙ ሦስተኛ ዘፈን ከመሐሉ ቀጠለ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እትዬ እጄን ያዙኝ።

“ተወው” አሉ። ትንሽ አዳመጡና፣ “ፈረንጆቹም በገና ጀመሩ?” አሉኝ።

መልስ አልሰጠሁም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ ነው።

እትዬ የምላቸው ስምንት ዓመት ስለሚበልጡኝና እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርሲንግ አሲስታንት ሆነው ሠርተዋል። አሁን ኩላሊታቸው አይሠራም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አፕል ቫሊ ወደሚገኝ የዳያሊሲስ ማዕከል እወስዳቸዋለሁ። ደማቸው በማሽን እየታጠበ አራት ሰዓት ይቀመጣሉ። ይቀመጣሉ ስል መቀመጥ አለባቸው ማለቴ ነው። ከገና ወዲህ አራት ሰዓት ጨርሰው አያውቁም ነበር። ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን “ንቀሉኝ” ይላሉ። ሕክምናውን በራስ ፈቃድ አቋርጦ ለመሄድ የሚፈረም ቅጽ አለ። የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ከነርሷ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ሐኪማቸው ጾሙ ሊገባ ሰሞን ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። ያልወጣው ውኃ ሳንባቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ነው፤ በዚህ ከቀጠሉ በጋውን አያዩም አለኝ። የዚህ አገር በጋ ሰኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩን እንዲደግመው ጠየቅሁት። ደገመው። ጻፍሁት።

እትዬን የሚያስነሣቸው ሕመም አይደለም። ሰዓቱ ነው። “ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳገላብጥ ኖሬ አሁን እንደ ድንች ተቀመጪ ይሉኛል” ይላሉ። ከወንበራቸው ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ወንበሩን እንዲያዞሩላቸው ጠይቀው ነበር። የማሽኑ ቱቦ አይደርስም ተባሉ።

አልበሙ የልጄ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚሁ ነው። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ተግባብተን እንኖራለን። በጥር ወር አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳት ስልኬን ወስዳ አልበሙን ጫነችበት። ዐሥር ዘፈን፣ አርባ አንድ ደቂቃ። አንዲት ሴት ትዘፍናለች፤ ጊታር አለ፣ ከበሮ አለ፣ ከበስተኋላ እንደ ኦርጋን የሚጎተት ነገር አለ።

“ምንድን ነው የምትለው?” አልኋት።

“ዳድ፣ ነገሩ እሷ የምትለው አይደለም” አለች፣ በእንግሊዝኛ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በጋዜጣና በራዲዮ ሠርቻለሁ። ዛሬም በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ የማኅበረሰብ ራዲዮ በአማርኛ ዜና አነባለሁ፤ በቀረው ቀን መኪና እነዳለሁ። ነገሩ ሰውየው የሚለው ነው ብዬ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን አልበም በቴፕ ቀድቼ ስቱዲዮ ባመጣው ኖሮ ቴክኒሻኑ ሂድና እንደገና ቅዳ ብሎ ይመልሰኝ ነበር። የሴትዮዋ ድምፅ ከሌላ ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትናገር ነው። ከበሮው የጎረቤት ነው። ጊታሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ቀጣዩ ሲመታ የፊተኛው ገና እየሄደ ነው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲጀምር ድንበሩ አይታወቅም። ማንም አይቸኩልም። ማንም ምንም እንዲያምኑለት አይጠይቅም።

በማግሥቱ ብቻዬን ስነዳ ከፈትሁት። ወደ ኤደን ፕሬሪ የሚያስወጣውን መንገድ አልፌ ዘጠኝ ማይል ሄድሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ መውጫ አልፌ አላውቅም ነበር። ቆም ብዬ ምክንያቱን አሰብሁ። ያገኘሁት ይህን ነው፦ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲናገር የምሰማው የሚጻፍ ነገር ፍለጋ ነው። በዚህ ድምፅ ውስጥ የሚጻፍ ነገር የለም። ጆሮዬ ሥራ ፈታ። እስከ ጾሙ ዋዜማ ድረስ በየቀኑ ሰማሁት።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ወፍራም የጊታር አውታር አለ። በዝግታ ይመታል፤ በተመታ ቁጥር ይነዝራል። ሴትዮዋ በላዩ ላይ ታጉተመትማለች። በጾም ወራት በገና ሲደረደር ሰምቶ ያደገ ጆሮ በሌላ ሊተረጉመው አይችልም። ይህን የምለው እትዬን ለመከላከል ነው፤ ለራሴ መከላከያ የለኝም።

የዚያን ዕለት ረቡዕ ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ “ያንን የመኪናውን መዝሙር አምጣልኝ” አሉ። ስልኬንና የልጄን ማዳመጫ ሰጥቻቸው ወጣሁ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይደውሉልኛል ብዬ ከማዕከሉ ብዙ አልራቅሁም፤ ከዚያ ስልኬ እሳቸው ጋ መሆኑ ትዝ አለኝና ተመለስሁ። ከቀኑ 1:50 ነበር። ራሳቸውን ወደ ቀኝ ጥለው ተኝተዋል።

የማሽኑ ቴክኒሻን የወሎ ልጅ ናት። ረመዷን ነበርና እሷም እየጾመች ነው። እትዬን “እማማ” ነው የምትላቸው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

“ዛሬ ምን አጠጣሃቸው?”

“መዝሙር ነው” አልሁ። ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው። የመጀመሪያው ዝም ማለት ነበር፤ ይህኛው በቃሌ የተነገረ ነው።

“አብሽር፣ እንዲህ ካስተኛቸው እኔም እገዛዋለሁ” አለች።

እትዬ 3:15 ላይ ጨርሰው ተነሡ። ከገና ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ዓርብም ጨረሱ። በቀጣዩ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብም ጨረሱ። ክብደታቸው ወረደ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ታየ። በስድስተኛው ቀን ቴክኒሻኗ መርፌውን እየነቀለች፣ “እማማ፣ እርስዎ ተኝተው ይጾማሉ፤ እኔ ቆሜ” አለቻቸው።

“አንቺ ማታ ሾርባና ሳምቡሳ ይጠብቅሻል” አሉ እትዬ። “እኔን ማታም የሚጠብቀኝ ሽሮ ነው። ያውም ጨው የለውም።”

በእነዚህ ቀናት እኔ አስቀድሜ የማውቀውን ነገር አጣራ ነበር። ቃሉን በትክክል ሳልሰማ ዘፈን ነው ብል ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። ማስተባበያ ዘግይቶ ሲወጣ አዘጋጆች የሚሉት ነገር ነው። ልጄን ግጥሙን ከኢንተርኔት እንድታወጣልኝ ጠየቅኋት፤ አወጣች። በአማርኛ ጻፍሁት። የመጀመሪያው፦ አንድ ሰው ስልክ አያነሣም። ሁለተኛው፦ በኅዳር ውኃው የተለቀቀ የመዋኛ ገንዳ። ሦስተኛው፣ በገናው ያለበት፦ ሴትዮዋ አንድ ወንድ ቤት ጃኬቷን ረስታ ወጥታለች፤ ሆን ብላ ይሁን አይሁን አታውቅም። ስድስተኛው ላይ መሳሳም አለ፣ አንድ ጊዜ። ከዐሥሩ ሰባቱን አረጋገጥሁ። በቀሩት ሦስቱ ላይ አድናቂዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

“ለእትዬ ልትነግራቸው ነው?” አለች ልጄ። ይህን በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

“እያሰብሁበት ነው።”

“ዳድ፣ እየተኙ እኮ ነው።”

ሰባተኛው ቀን ረቡዕ መጋቢት 9 ነበር። ስንመለስ፣ ሲዳር አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ፣ እትዬ፣ “ይህን መዝሙር በራዲዮህ አሰማልኝ” አሉ። “እንደ እኔ ያለ ስንት ሰው አለ። ለጽዋ ማኅበራችንም ነግሬያቸዋለሁ። እሑድ ይጠብቁሃል።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

በቤት ውስጥ ያለ ስሕተት አንድ ነገር ነው። ሊተላለፍ የተዘጋጀ ስሕተት ሌላ ነው። ዓርብ ጠዋት፣ ማዕከሉ በር ላይ መኪናውን ካቆምሁ በኋላ፣ ነገርኋቸው። መዝሙር አይደለም፣ በገናም አይደለም፣ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር አልሁ። የጻፍሁትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ሁለቱንም ገጽ። ስድስተኛው ላይ ቆዩ።

“ስንት ቀን ሰማሁት?”

“ሰባት ሕክምና።”

“ሰባት።” ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። “አርባ ዓመት ዜና ሠርተህ ይህን ለማጣራት ሁለት ሳምንት ፈጀብህ?”

“ሃያ ስድስት ዓመት ነው እትዬ።”

“ዝም በል።”

ማዳመጫውን አልወሰዱም። ዕለቱ ኢድ ነበር፤ የወሎዋ ቴክኒሻን ፈቃድ ላይ ናት፤ የሚለምናቸውም የሚቀልድላቸውም አልነበረም። በሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ቅጹን ፈረሙ።

ሰኞ የእውነተኛ በገና መዝሙር ቀድቼ አመጣሁ። ጥሩ ደርዳሪ ነው። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ ሞት፣ ከንቱነት፣ የንስሐ ዕድሜ። እትዬ ቃል በቃል ተከተሉት፣ አለቀሱ፣ ጭራሽ ነቁ። በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ፈረሙ። ከበዓሏ የተመለሰችው ቴክኒሻን መኪናው ድረስ ተከትላኝ መጣች።

“ምን አደረግሃቸው?”

“እውነቱን ነገርኋቸው።”

“ማን ጠየቀህ?” አለች። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ረቡዕ እግራቸው ጫማ አልገባም አለ። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ካልሲ ደርበው፣ በረዶ ላይ ሄዱ። የዚያን ዕለት ሁለት ሰዓት ቆዩ። የቻሉትን ያህል ለመቆየት መሞከራቸውን አይቻለሁ፤ ዐይናቸው ከሰዓቱ አልተነሣም።

እሳቸው ወንበሩ ላይ እያሉ 12:30 ሲሆን ለንስሐ አባታችን ደወልሁ። አባ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፤ 12:30 የምሳ ሰዓታቸው ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኋቸው፤ ሐኪሙ ያለውንም። ሐሳብ አላቀረብሁም። አልበሙን ላክልኝ አሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደወሉ።

“ሰማሁት።”

“ሙሉውን አባ?”

“እስከ ሦስተኛው። በገና የተባለው እሱ ነው?”

“አዎ።”

“በገና አይደለም።”

“አይደለም።”

“ይመስላል ግን።” ከኋላቸው ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት ይሰማል። “አራተኛውን አልከፈትሁትም። ከሰዓት የምጭነው ዕቃ አለ፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።”

“ገባኝ።”

“ተኝታ የሰማችው አይቆጠርም ልላት እችላለሁ። እሷ ግን ትቆጥረዋለች።”

“ይቆጥሩታል” አልሁ።

“ታማሚ ናት። ስሚው ብያለሁ በላት።”

ነገርኋቸው። እትዬ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ መለሱ። “ሐኪሙ እንቁላል ብዪ ብሎኝ አልበላሁም። አሁን በዘፈን ልገድፍ?”

ሐሙስ ከሥራ መልስ አባ ቤታችን መጡ። ነጠላቸውን የደረቡት በመጋዘኑ ብርቱካናማ ሰደርያ ላይ ነው። ከእትዬ ሃያ አምስት ዓመት ያንሳሉ፤ እንዲያም ሆኖ እትዬን “ልጄ” ነው የሚሏቸው። ከእትዬ ጋር ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ውስጥ የተባለውን አልሰማሁም። የምጽፈው እትዬ ወጥተው የነገሩኝን ነው።

“ቀኖና ሰጡኝ” አሉ።

“ስግደት?”

“ጉልበት የት አለኝ። ወንበሩ ላይ ነው። ሰባት ጊዜ ሰምተሻል፣ ሰባት ጊዜ ትቀመጫለሽ አሉኝ። ሙሉ አራት ሰዓት። ጆሮዬ ላይ ምንም ሳላደርግ።” ወንበር ስበው ተቀመጡ። “ቆጥሬዋለሁ። ሰባተኛው ስቅለት ላይ ይውላል።”

አባ በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተም ታውቅ ነበር። አብረሃት ትቀመጣለህ። ያለ ስልክ።”

እንዲህ ሆኖ ከዓርብ መጋቢት 18 ጀምሮ ሰባቱንም ቀን ከወንበራቸው አጠገብ ባለች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ማስታወሻ ደብተር አልተከለከለም። በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሰዓቱ ፊት ለፊታቸው ነው። በሁለተኛው ቀን ቅጹ ያለበትን መሳቢያ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቴክኒሻኗ መጥታ መሳቢያው ፊት ቆመች።

“ዞር በይ፣ አልፈርምም” አሏት። “ቀኖና ላይ ነኝ።”

“ቀኖናው ምንድን ነው እማማ?”

“እዚህ መቀመጥ።”

ቴክኒሻኗ አየችኝ። “ቄሱ ሐኪም ናቸው እንዴ?”

“ፎርክሊፍት ነው የሚነዱት” አልሁ።

በአራተኛው ቀን የመጦሪያውን ታሪክ ነገሩኝ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነግረውኝ አያውቁም። አንዲት ኖርዌያዊት አሮጊት ነበረች፤ ካልዘፈኑላት ልብስ አታስቀይርም። እትዬ ምን ይዝፈኑላት፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚያውቁትን መዝሙር ዘመሩላት። ሴትዮዋ አንድም ቃል ሳይገባት አራት ዓመት ልብሷን ቀየረች። “ምን መስሏት ይሆን” አሉ እትዬ። ያን ዕለት ሰዓት የጠየቁት ዘጠኝ ጊዜ ነው።

አልተኙም። በሰባቱም ቀን አንድም ጊዜ አልተኙም። ሰባቱንም ግን ጨረሱ። ስቅለት ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ ሕዝቡ ሲሰግድ ትተው ወጡ፤ ወንበሩ ላይ አራት ሰዓት ዋሉ። መርፌው ሲነቀል፣ “በቃ፣ ተፈታሁ” አሉ።

ይህ ነው ያሳሰበኝ። ቀኖናው አልቋል። ማሽኑ አላለቀም። ቅጹ መሳቢያው ውስጥ ነው።

የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 5፣ ከጠዋቱ 10:45 ከቤት ወጣን። እትዬ ነጭ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ገብቷል። ሲዳር አቬኑ ስንደርስ የመኪናውን ራዲዮ አዩ።

“ስልክህ ዛሬ አይናገርም?” አሉ።

“ድምፁ ዜሮ ላይ ነው።”

“ማን ዜሮ አደረገው?”

“እኔ።”

“ፋሲካ ነው እኮ።”

ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሁለተኛው ዘፈን ነበር፣ የመዋኛ ገንዳው። እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ያጠፉትን ወረቀት አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

“ሦስተኛው ላይ፣ ያ ሰውዬ ጃኬቷን መለሰላት?”

“አልተረጋገጠም።”

“መመለስ ነበረበት” አሉና ወረቀቱን መልሰው ከተቱት። “በዚህ አገር ብርድ።”

ማዕከሉ ስንገባ ማዳመጫውን ራሳቸው ጠየቁ። ማሽኑ 11:21 ላይ ተነሣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለከት ራሳቸውን ወደ ቀኝ ጥለዋል፤ ዐይናቸው ተከድኗል። ቴክኒሻኗ መርፌውን የነቀለችው 3:21 ላይ ነው።